ጉልበቴ የሚችለው አንድ ዘፈን ነው

ኤንካርና፣

ምስሩ እሳት ላይ ነው፤ ሳያርር አውርጂው። ድመቷ በልታለች፣ ብትጮህ እንዳታምኛት።

ለማታው ትርዒታችን ሆቴሉ ሄጃለሁ። አዎ፣ ብቻዬን! ትናንት «ሕዝቡ የሚመጣው ለእኔ ድምፅ ነው፤ አንቺ ዳሌሽን ከመወዝወዝ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?» አላልሽኝም? እሺ። ያኔ ዲስኮ በነገሠበት ዘመን፣ ዘፈናችን «ቁልፌን መልስ» ጀርመን ድረስ አንደኛ ሲወጣ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚዘፍነው ካሴቱ አልነበር? ዛሬም እሱ ይዘፍናል፣ እኔ እወዛወዛለሁ ብዬ ነበር።

ልወጣ ስል ከሆቴሉ ደወሉ። የካሴት ማጫወቻው ተበላሽቷል፤ በራስሽ ድምፅ ትዘፍኛለሽ አሉኝ።

«ምን ገዶኝ!» አልኳቸው።

ብርማ ቀሚስሽን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬልሻለሁ። ነይ ማለቴ አይደለም፤ ተጨማዶ ሳየው አስጠልቶኝ ነው።

እስክትመጪ እጨፍራለሁ። ጉልበቴ ግን የሚችለው አንድ ዘፈን ብቻ ነው።

ቻሮ