ጨርቅ የለበሰው ቶርኖ

ውድ ልጄ፣

ሰላምታው ትንሽ ይቆየኝ። አስቀድሜ ካልነገርኩሽ እንደ ልማዴ ስለ ጤናና ስለ አየሩ ስጽፍ ወረቀቱ ያልቅብኛል። በስልክ እንዳልነግርሽ አፌ እንቢ አለኝ። የእናትሽ ክንድ እንዲያርፍ ብለሽ የላክሽው፣ እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጸው ባለሞተሩ ትልቅ ቶርኖ፣ እሷ በሕይወት ሳለች አንድም ቀን አልሠራም። ከሣጥኑም አልወጣም። «እየሠራንበት ነው» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ።

እንግዲህ እንደምን አለሽልኝ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? ያመመሽ ወገብ ተሻለሽ ወይ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል እንጂ ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። ድካሙ የሰውነት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ይበቃው ነበር።

ለምን አልከፈትከውም ትይኛለሽ። ለእናትሽ፣ ሞተር እንጨት ይበጣጥሳል አልኳት። ለጎረቤታችን ለበያጁ፣ መጀመሪያ ወለሉ ሲሚንቶ ይፍሰስለት አልኩት። ለእግዚአብሔር ግን ምንም አላልኩትም፤ ስጸልይ ያንን ጥግ ዘልዬ አልፍ ነበር። አሮጌው ቶርኖ ያለ ሁለት ሰው እንደማይሠራ ታውቂያለሽ። እሷ መንኮራኩሩን ታዞራለች፣ እኔ መሮዬን አስደግፌ እቀርጻለሁ። መሮው ሲከብደኝ ሳልነግራት ታዘገያለች፣ ሲቀለኝ ታፈጥናለች። ሞተር ከገባ ከጎኔ ተነሥታ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ከጎኔ እንዳትጠፋ ብዬ ክንዷን ጨረስኩት። ፍቅር ይመስለኝ ነበር፣ ልጄ። አሁን ሳስበው ለራሴ ማድላት ነው።

እሷም ገብቷት ነበር። ሣጥኑን በአሮጌ አልጋ ልብስ ሸፍና፣ ያለቀላቸውን የወንበር እግሮች ትደረድርበት ነበር። በያጁ በመጣ ቁጥር «ሙሽራዋ ዛሬም አልተገለጠችም?» እያለ ሲያሾፍ፣ «ሙሽራው ዓይን አፋር ነው» ትለዋለች። አንቺ ደውለሽ የጠየቅሻት ቀን አጠገቧ ቆሜ ነበር። «ኧረ ክንዴ አርፏል፣ ተባረኪ» አለችሽ። ስልኩን የያዘችው በግራ እጇ ነው፤ ቀኙ ጆሮዋ ድረስ አይነሣላትም ነበር። ዘግታው ቀና ብላም አላየችኝ፣ ወደ መንኮራኩሯ ሄደች።

የወሰዳት ልቧ እንጂ ክንዷ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አያጽናናኝም።

ከቀብሩ በኋላ እኔን ብቻዬን ላለመተው የመጣችው አክስትሽ፣ ደንበኞች ሲመላለሱ አየችና አንድ ጠዋት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በእኅቷ ቦታ ተቀመጠች። ማንም አልጠየቃትም፤ የከለከላትም የለም፣ መከልከል የነበረብኝ እኔው ነበርኩና። መጀመሪያ ላይ ያለ ልክ እያፈጠነች ስንቱን እንጨት አሰነጠቀችብኝ። ስቆጣ «ጋሼ፣ እንጨቱ ዝም ብሎ አንተ ትጮኻለህ» ትለኝ ነበር። እየዋለ ሲያድር ለመደችው። እኔም ለመድኩ።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ ውኃ ልትቀዳልኝ ጆጉን በግራ እጇ አነሣችው። ግራኝ አይደለችም። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ክንድሽ ምን ሆነ ብላት «ምንም፣ ተኝቼበት ነው» አለች። እናትሽም የምትለው ይህንኑ ነበር። ያን ጊዜ በጨርቁ ሥር ያለው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንዳልከፈትኩትም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ውኃውን መወልወሏን ቀጠለች። ኋላ ግን፣

«ጋሼ፣ ሰው አጠገብህ እንዲቀመጥ ከፈለግህ እኮ ‹ተቀመጪ› ማለት ይበቃ ነበር» አለችኝ።

ስንት ዓመት ጸልዬ ይህን አላሰብኩትም። እናትሽን አንድ ቀን እንኳ ያለ ሥራ ተቀመጪ ብያት አላውቅም።

አክስትሽን ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ፤ ክንዷ ካረፈ ይድናል ብሏል። አክስትሽ ናፍቆቷ ብዙ ነው። ባልሽን በርታ በይልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽን ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ ነሥቻለሁ። አንቺ ደግሞ ብትቀየሚኝ ልክ ነሽ፤ ብቻ ዝም አትበይኝ።

ዛሬ ጠዋት ከበያጁ ጋር ሆነን ሣጥኑን ከፈትነው። አሮጌውን ነቅለን ትልቁን ወለሉ ላይ በቡሎን አሰርነው። ማብሪያውን ከመጫኔ በፊት እናትሽን በስሟ ጠርቼ ይቅር በይኝ አልኳት፤ በያጁ እንዳልሰማ ሆኖ መፍቻውን ይፈልግ ጀመር። ከዚያ አክስትሽ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ከጎኔ ተቀምጣ ሳለ፣ አንድ የወንበር እግር በትልቁ ቶርኖ ቀርጬ ጨረስኩ።

አባትሽ
ከሥራ ክፍሌ፣ ሐሙስ ኅዳር 14 ቀን