ፉዙን ብቻውን አትስማው

ነጎድጓድ፣
ሥራ ስለረፈደብኝ ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ።

ሁለቱን የድምፅ መለወጫ ፔዳሎች፣ ፉዙንና ዲስቶርሽኑን፣ ከቤዝ ጊታሬ ጋር ሳሎን ትቼልሃለሁ። ፉዙን የመረጥክልኝ መኝታ ቤት ብቻውን ሰምተህ ነው። እዚያ ግድግዳ ያናውጣል፤ አንተ ድራም ስትመታ ግን ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና የንብ ጥዝዝታ ብቻ ይቀራል። ዲስቶርሽኑ ለብቻው ያን ያህል አያምርም፤ ከድራም ጋር ግን ይሰማል።

ትናንት ልምምድ ላይ «ወንድሜ፣ ትጫወታለህ ወይስ ክሩን ታባብላለህ?» ብለህ ሁሉንም አሳቅህ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ፉዙ ድምፁን ስለዋጠው፣ እንዲሰማ ብዬ ክሩን ስደበድበው ጣቴ ተልጦ ነበር።

ዛሬ የባንዳችን ጊታሪስት ሲመጣ ቤዜን በሁለቱም ፔዳል ይጫወትልህ፣ አንተም ድራምህን ምታ። ከዚያ በኋላም ፉዙን ካልክ
ለቅዳሜው ቀረጻ ሌላ ሰው ፈልግ።

ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ፤ ይቅርታ።

ስመለስ መልስህን ንገረኝ፤ ቀልድ ግን አትጨምርበት።