በንጋት የሞቀ ኮፈን

ጥር 14/2016 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

የት/ቤት ዩኒፎርም እየዘመዘምኩ። ክሩ ይበጠሳል። ወንድሜ ተፈሪ መጣ። ምሳ ቀርቦ አይቀመጥም፣ ቆሞ ያወራል። መኪናዋ ተገኘች አለኝ። ቀብሪበያ ናት። ቪኤይት፣ ነጭ፣ ወንበሯ ቆዳ።

ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ነው የነዳው። ጅግጅጋ ደገሀቡር፣ ደገሀቡር ጅግጅጋ። የራሱን ቢይዝ ለመ/ቤቶች ያከራያል፣ እኔንም ከዚህ የስፌት ማሽን ያሳርፈኛል። ይህን ሲል ፊቱ ይበራል።

ግን ቤቱ መሸጥ አለበት። እማዬ በስሜ ያዞረችው ቤት። ሌላ የለንም። ገዢም አግኝቷል።

እሺ አልኩት። ማስታወሻዬ፣ እሺ ማለት ለምን እንዲህ ይቀለኛል?

ጥር 16፣ ሐሙስ

ሐጂ አብዲ ቤት ዋልን። በከብት ገበያ ያረጁ ደላላ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ። ለመኪናዋ ሻጭ ዋስ ሆነው የቆሙት እሳቸው ናቸው። እንደ ግመል ገበያው ፎጣቸውን በሁለቱ እጆች ላይ ጣሉ፣ ከሥሩ ከተፈሪ ጋር ዋጋውን በጣት ተነጋገሩ። ባዕድ ሴት እጇን እዚያ አታስገባም። እኔ ያየሁት ፊታቸውን ብቻ ነው። የተፈሪ ፊት ጠቆረ፣ ቆየ፣ ፈካ። እጅ ተሰጠ፤ በዚህ ገበያ እጅ የሰጠ ቃሉን አያጥፍም። አለቀ።

መንገድ ላይ ጠየቅሁት። ማን አያት? መካኒክስ? ቆጣኝ።

«ሐጂ በቃላቸው ቆመው መካኒክ ልጥራ? ስድብ እኮ ነው፣ እታለም!»

ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። አንዱ ቁራጭ ስለ አገለገለ መኪና ነበር። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ እዩ፣ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይሸሽጋል ይላል። ምንጣፉን ግለጡ፣ ጭቃ ካለ ውኃ ገብቶበታል። ከባሕር ዳርቻ የመጣውን ከሥር እዩ፣ ዝገት አለ። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያለቀ ፔዳል ግን አይመለስም። የቅንጦት መኪና ሲገዛ ሳይሆን መለዋወጫው ሲፈለግ ነው የሚያደኸየው።

ተፈሪ ይህን ሁሉ ያውቃል። ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ለሌላ ሰው ቢሆን ከሥሯ ተኝቶ ነበር የሚያያት።

ቢያንስ በንጋት፣ ሳትነሣ እንያት አልኩት። ግመል የሚገዛስ ከተኛበት ሲነሣ አያይም? ሳቀ።

«እንግዲያው ጥርሷንም ቁጠሪላት!»

ግን እሺ አለ።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

በመጀመሪያው ሚኒባስ ቀብሪበያ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሻጩ ወጣት ነው፣ ጨዋ። ሻይ አቀረበልን።

ታምራለች። እውነት ለመናገር በጣም ታምራለች።

ጣሪያዋ ላይ ጤዛ ተኝቷል። ኮፈኗ ግን ደረቅ ነው። እጄን አሳረፍኩበት። ሞቋል።

ተፈሪ አየኝ። መጥቶ እሱም እጁን አሳረፈ። ቶሎ አነሣው።

ሻጩ ሳንጠይቀው ተናገረ፤ በጎቹ እንዲወጡ አስነሥቶ ፈቀቅ አድርጓት ነበር። ይሆናል። በጎች በርግጥ ግቢው ውስጥ አሉ። ቁልፉን ለተፈሪ ሰጠው። ባንድ ጊዜ ተነሣች። ተፈሪ ይዟት ዞረ፣ ፊቱ የልጅ ፊት።

ስንመለስ በመስኮት ወደ ሜዳው ያይ ነበር። ጅግጅጋ ስንገባ ብቻ፣ «እጅ ሰጥቻለሁ» አለ።

ጥር 20፣ ሰኞ

ተፈሪ አልመጣም። ሥራ አልገፋልኝም።

እሱም እውነት አለው። የሰጠውን ቃል ቢያጥፍ እዚህ ከተማ ማን ዳግመኛ እጅ ይሰጠዋል? ሻጩም ምናልባት ንጹሕ ሰው ነው። በአንድ የሞቀ ብረት ሰው እየበደልኩ ይሆናል። ስለ መኪናዋ አላውቅም። ስለ ወንድሜ ግን አወቅሁ። ሙቀቱን ነካ፣ ዝም አለ።

የቤቱ ውል ረቡዕ ነው።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

ሐጂ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ከደጃፉ ሳልገባ ተናገርኩ። እጅ የሰጠው ተፈሪ ነው፣ ቤቱ ግን የእኔ ነው፣ አልሸጥም። ነውሩም የእኔ ይሁን። ሴቲቱ አፈረሰችው ይበሉ።

መቁጠሪያቸውን ያዙ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ኮፈኑ ሞቆ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ማን እንደነገራቸው እንጃ። አዎ አልኩ።

«አባዮ» አሉኝ፣ እህቴ ማለታቸው ነው። «መኪናዋን እኔም አላየኋት። የማውቀው የሻጩን አባት ነው። እሱ ሐቀኛ ነበር።»

ለዚያ ነበር የቆሙት። ለሞተ ሰው።

ለተፈሪ ስም ሲሉ ሴቲቱ አፈረሰችው እንደሚሉ ቃል ሰጡኝ። ይህን ቃል አመንኩት።

ጥር 22፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ለተፈሪ ትናንት ማታ ነገርኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ በማለዳ የሰው መኪና ይዞ ደገሀቡር ወረደ። የቋጠርኩለት ስንቅ በሩ ላይ ቀርቷል።

የውሉ ሰዓት ደርሷል። ገዢው እየጠበቀ ይሆናል። አልሄድም።

ተፈሪ ይመለሳል። ነገም ይሁን ከሳምንት በኋላ። አኩርፎም ቢመጣ፣ አኩርፎ የሚተኛበት ቤት አለው።