መሐል ሰማይ ላይ ስለታሰረው ዲሻችን

ግልጽ ደብዳቤ ለተከበሩ የነፋስ በር ቀበሌ ሊቀ መንበር፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሁዳዴና ረመዳን ተጋጥመው ክርስቲያኑንም እስላሙንም ባደከሙበት በዚህ ሰሞን፣ እርስዎ የሰው ጓሮና ጣሪያ የሚቃኙበት ጉልበት እንዳልጎደለብዎ በማየታችን እኔና ቤተሰቤ ደስታችን ወሰን የለውም።

እኔ ሐረገ ወይን እባላለሁ፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ ባለው ግቢ ከአባቴ ከመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ እዚሁ አቅራቢያችን ባለችው ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ማሕሌት የሚቆሙት አልጋቸው ላይ ሆነው በቴሌቪዥን ነው። ጎረቤቴ ቀመሪያም እናቷን እትዬ ሀዋን እየደገፈች ታመጣልናለች፤ እርሳቸው ደግሞ የመካውን ሶላት በቀጥታ ማየት ይወዳሉ። የአባቴ ጣቢያ በምሥራቅ በኩል ካለው ሳተላይት፣ የእትዬ ሀዋ በምዕራብ በኩል ካለው ስለሚመጣ፣ ቀመሪያ ከባሕር ዳር በሞተር የሚዞር ዲሽ ገዝታ መጣች። መትከሉ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ከተማችን ነፋስ መውጫ ላይ ብረት ቀጥ አድርጎ ማቆም ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርም። ምሰሶው በቱንቢ ተለክቶ ካልቆመ ዲሹ አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ይስታል። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ቡሎን ሳላላና ሳጠብቅ፣ ቀመሪያ በመስኮት ብቅ እያለች «መጣ! አይ፣ ጠፋ! ኧረ መጣ!» ስትል፣ ሁለቱ አዛውንት ከውስጥ ሆነው ሁለታችንንም ሲያዙን ዋልን። በመጨረሻ ሪሞቱን ስጫን ዲሹ እያጉረመረመ ወደ ምዕራብ ዞረና መካ ቁልጭ ብላ መጣች። እትዬ ሀዋ አለቀሱ። አባቴም «እንኳን ደስ አለሽ ሀዋ፤ በይ አሁን ወደ እኔ አስመልሽልኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተራ በተራ እያየን በሰላም ኖርን።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ዲሹ ሰው ሳይነካው ሲዞር በመስኮትዎ አይተው፣ ሚሊሻውን አቶ አበባውን አስከትለው ወዲያውኑ ስለደረሱልን አመሰግናለሁ። የሰፈራችን ቧንቧ ሲፈነዳ ጎርፉ ደጃፍዎ እስኪደርስ በትዕግሥት የሚጠብቁ ሰው ነዎትና፣ ፍጥነትዎ ሁላችንንም አስደንቆናል።

፪ኛ. «ይህ ነገር ቢሮዬን ምን ያየዋል?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ፣ ዲሹ የሚያየው ሰማይ እንደሆነ፣ ቢሮዎ ግን ለጊዜው ምድር ላይ እንደሚገኝ በትሕትና አስረድቼ ነበር። እርስዎም «እንግዲያው ለምን አንድ አቋም የለውም? ጠዋት ምሥራቅ፣ ከሰዓት ምዕራብ የሚል ነገር አይታመንም» አሉ። ሰው አቋሙን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ቆርቆሮ ሲጠየቅ ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው።

፫ኛ. ስለ ፍርድዎ። «ለማንም ሳያዳላ መሐል ላይ ይቁም» ብለው በበየኑት መሠረት አቶ አበባው፣ ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ፣ ዲሹን በሽቦ ጠፍረው ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፉበት። እርስዎ በመረጡለት መሐል ላይ የአባቴም የእትዬ ሀዋም ሳተላይት የለም። በዚህም ሁለቱ አዛውንት አንዳች አድልዎ ሳይደረግባቸው እኩል ጨለማ ደረሳቸው።

እንግዲህ መፃጉዕ መጣ። ዘመኑን በአልጋው ላይ የጨረሰው ድውይ የተነሣበት እሑድ ነውና፣ አልጋ ላይ የዋለ መሪጌታ ያን ቀን እንዴት እንደሚናፍቀው መገመት አያቅትዎትም። አባቴ የቴሌቪዥኑን ባዶ መስታወት አዩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። ውኃ ባቀርብላቸው አልነኩም፤ ብጠራቸው አልመለሱም። እውነቱን ልንገርዎትና ፈራሁ። ያን ጊዜ እትዬ ሀዋ ወደ አልጋው ጠጋ ብለው፣

«መሪጌታ፣ ሣጥኑ ዝም ካለ እርስዎ ይበሉልን እንጂ» አሏቸው።

«ትንፋሼ አይበቃም።»

«እስከሚበቃዎት ድረስ።»

አባቴ የጾመ ድጓውን ዜማ አነሡ። ድምፃቸው ተሰበረ፤ አረፉ፤ እንደገና አነሡ። እኔ እንዳያዩኝ ከበሩ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ። ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው አጥሩ ሥር ቆሞ ሰማ፤ ወሬው ደቀ መዛሙርታቸው ዘንድ ደረሰ፤ በሳምንቱ በደብረ ዘይት መቋሚያቸውን ይዘው መጡና ግቢያችን ሞላ። አባቴ ተደግፈው ቀና አሉ፤ አንዱ ዜማ ሲስት «እዚህ ላይ ዝቅ ነው!» ብለው እንደ ድሮው ተቆጡ። እህልም ቀመሱ። ዲሻችንን ባያስሩት ይህ ባልሆነ ነበርና፣ ሳያስቡት ስላደረጉልን በጎ ነገር ከልብ አመሰግናለሁ።

እትዬ ሀዋ ግን መካን ግቢያችን ድረስ የሚያመጣላቸው ደቀ መዝሙር የላቸውም። ረመዳን ሊወጣ ነው። ጤናቸውን ሳየው ለከርሞው ረመዳን መድረሳቸውን እርሳቸውም እኛም አናውቅም። አንድ ቀን እንኳ አላማረሩም፤ የጠቆረው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የመስበሓቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ስለዚህ ሽቦው ለቀሩት ቀናት ይፈታልን ዘንድ እለምናለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ እርስዎ ራስዎ መጥተው አጠገባቸው ቁጭ ብለው ምክንያቱን ይንገሯቸው። እኔ ሞክሬ አፌን ያዘኝ።

ሰማይን ከምድር አስተካክለው ለማስተዳደር ያለዎትን ድካም ሁልጊዜ የማልረሳው፣

የቀበሌዎ ታዛዥ ነዋሪ
ሐረገ ወይን ኃይለ ሚካኤል

ማስታወሻ፦ በደብረ ዘይት ዕለት ግቢያችን መጥተው ከሁሉ ፊት የተቀመጡት እናትዎ እማማ ዓለምጸሐይ ደህና ናቸው። «ልጄ እንዳይሰማ» ስላሉኝ ለእርስዎ በግል አልነገርኩም፤ ለሕዝብ ብቻ ነው የጻፍኩት። ዲሹ ለምን እንደታሰረ ጠይቀውኝ እርስዎ የተናገሩትን ቃል በቃል ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ «እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ማን ናቸው ብሎ ቢጠይቅሽ የባሌን ስም ጠርተሽ ሚስቱ ናት በይው፤ የሊቀ መንበሩ እናት ናት አትበይ» ብለውኛል።