ስሙን ያልነገርኸኝ ቅጠል

አካሌ፣

ከተለየኸኝ ሙት ዓመትህም ወጣ፣ ሌላ ክረምትም አለፈ። ጣና ሞልቶ እስከ ጓሯችን መጥቶ ነበር፤ አሁን ሸሽቷል፣ ትንኙን ግን ለእኛ ትቶ ነው የሸሸ። ልጃችን ብርቱካን እኔ ዘንድ ናት። ነፍሰ ጡር ናት። ይህን ሳታይ መሄድህ ያንገበግበኛል።

ባሏ መንገድ ከሚሠሩት ቻይናዎች ጋር ሾፌር መሆኑን ታውቃለህ። በቀደም ከካምፑ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። የአገራቸው የባህል መድኃኒት ነው አለ፤ ከሥርና ከአበባ የተቀመመ፣ በሙቅ ውኃ በጥብጠው የሚጠጡት፣ ትኩሳት የሚያበርድ፣ ሰውነትን በሽታ እንዲቋቋም የሚያደርግ። እኔ እንኳን መድኃኒታቸውን ጃንጥላቸውንም አላምን። አንዱን ከፍቼ ብቀምሰው ይጣፍጣል። መድኃኒት ምን ሆኖ ይጣፍጣል? አበባ ይሁን አመድ ማን አይቶት? ካርቶኑን ወስጄ ከበርበሬው ማሰሮ ጀርባ ሸሸግሁት።

ሳይቆይ ብርቱካንን አተኮሳት፤ ያንቀጠቅጣት ጀመር። ያንተን የመድኃኒት ቅጠል ከረጢት አወረድሁ። ቅጠሏን ልትቆርጥ ስትሄድ ጎሕ ሳይቀድ ወጥተህ፣ ሰው ሰላም ሳትል ትመለስ ነበር፤ ጎረቤቱም አውቆህ ዝም ብሎ ያሳልፍሃል። ስሟ ከተነገረ ትረክሳለች ትላለህ። አንድ ጊዜ ብጠይቅህ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኸኝ። ከከረጢትህ የቀረችውን አፍልቼ ለብርቱካን ሰጠኋት። ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ የአባትሽ ነው አልኋት፣ ጠጣችው። ከጠጣች በኋላ ነው ካርቶኑን አግኝታ ከዚያም መጠጣቷን የነገረችኝ። ሁለት የማይተዋወቅ ነገር በአንድ ሆድ፣ ያውም ሕፃን ባለበት! ባጃጅ ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን።

ደሟ ሲታይ ወባ ነው። ነርሷ ምን እንደወሰደች ጠየቀች። ብርቱካን የቻይናውን ሰጠቻት፤ ነርሷ ጀርባውን ገልብጣ በውስጡ ያለውን ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበበችና፣ እርጉዝ ሐኪም ሳትጠይቅ እንዲህ ያለ አትወስድም አለች። ቀጥላ የእኔን ጠየቀችኝ። የባለቤቴ ቅጠል ነው አልሁ። ስሙስ አለችኝ። አልነገረኝም አልኋት። ካርቶኑን ባየሁበት ዓይን አየችኝ። አፈርሁ፣ አካሌ።

ብርቱካን ድናለች። ሕፃኑም ይራገጣል፣ ተመስገን። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንተን መጠርጠር ጀመርሁ። ስንት ዘመን አንድ ትራስ ላይ ተኝተን እኔን አላመንኸኝም ማለት ነው? ወይስ ስሟን አንተም አታውቀውም ኖሯል? ይኸኛው ይብሳል።

ልጁ ሲወለድ የማሕሌት ዜማህንም ኩርፊያህንም እነግረዋለሁ። ከረጢትህ ባዶዋን ከራስጌዬ ተሰቅላለች፤ አላወርዳትም፣ ቅጠልም አልመልስባትም። እኔ አንተን አልረሳህም። ስንገናኝ ግን ከሰላምታው በፊት ስሟን ነው የምጠይቅህ፤ ያን ጊዜ ማኩረፍ የለም።