በስምህ የገባው አንቀጽ

ውድ አባዬ፣

ጤናህን ልጠይቅህ አልችልም፤ ከተለየኸን ቆየህ። እኔ ግን ደክሞኛል። ለሌላ ሰው ብነግረው "ተረጋጊ" ስለሚለኝ ነው ለአንተ የምጽፈው። አንተ አንድም ቀን ተረጋጊ ብለኸኝ አታውቅም።

አሁንም የምሠራው አንተ ሐኪም በነበርክበት ሆስፒታል፣ የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ ነው። ያ "ችኩሉ" እያልክ ትጠራው የነበረው ተማሪህ ሰብሳቢያችን ሆኗል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ በዝቶበት ነው። ከሚመጡልን የጥናት ማመልከቻዎች ግማሹን የሚጽፈው ማሽን ነው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፤ አንብቦ የሚያጣራልንም ማሽን። እኛ መሀል ላይ ቁጭ ብለን እንፈርማለን።

በቀደም ሰብሳቢው ያዘጋጀው የአዲሱ የምርምር ፖሊሲያችን ረቂቅ መጣ። አንዱ አንቀጽ የሕሙማን የድሮ ካርድ ሁሉ፣ ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ ይሰጥ ይላል። እሱንስ ጠብቄው ነበር። ከሥሩ ግን ያንተ ስም አለ። "ካርዱ ከተዘጋ በኋላ ሕመምተኛውን መጠየቅ አያስፈልግም" ብለህ ጽፈሃል ይላል።

ደሜ ፈላ። አንተ? እማዬ ሳህን ስታጥብ ከኋላዋ ቆመህ ለሕሙማን ያዘጋጀኸውን ማብራሪያ የምታነብላት አንተ? በራሷ አነጋገር መልሳ ካልነገረችህ ቀድደህ እንደ አዲስ ትጽፈው ነበር። "በሽተኞችህስ ይድናሉ፣ እኔን ነው የጨረስከኝ" ትልህ ነበር። ድኖ የሄደ ሰው ካርድ ለጥናት ለመክፈት እንኳ ቤቱ ድረስ ሄደህ ትጠይቅ ነበር፤ እምቢ ያለህንም አመስግነህ ትመለስ ነበር።

ሰብሳቢውን ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ከሁሉ በላይ የሚወጣው የማሽኑ መልስ ነው የነገረው። ጽሑፉን አሳየኝ አልኩት፤ ሊያገኘው አልቻለም። ታትሞበታል የተባለው መጽሔትም ጭራሽ የለም። እንግዲህ ፈልገን እናገኘዋለን ተባልኩ። እኔም የጻፍካቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አገላብጬ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተሸክሜ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ሰብሳቢው ስልኩን ወደ እኔ አዞረው።

"ይኸው፣ አሁን ምንጭ አለው" አለኝ።

አየሁት። ምንጭ ተብሎ የተጠቀሰው የራሳችን ረቂቅ ነው፤ ሰው አስተያየት እንዲሰጥበት ብለን ድረ ገጻችን ላይ የለጠፍነው። ማሽኑ የፈጠረውን እኛ ጻፍን፣ እኛ የጻፍነውን ደግሞ ማሽኑ አነበበና መልሶ ለእኛው ነገረን። አንተም በዚህ መሀል ያላልከውን ያልክ ሆነህ ቀረህ።

ይህን ሳስረዳቸው ሳቁ። ክፋት የለውም፤ የሰለቸው ሰው ሳቅ ነው። እኔ ግን ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው።

"አባቴ ይህን አላለም። ልጁ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።"

ሰብሳቢው አንጀቱን በላሁት መሰለኝ፣ "እሺ እህቴ፣ ስሙን እናወጣዋለን" ብሎ እዚያው ሰረዘው። አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። እንዴት ቀለል እንዳለኝ ብታይ። ወረቀቶቼን ሰብስቤ ሻይ ሁሉ ጠጣሁ ከእነሱ ጋር።

የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው። ያወጡት ስምህን ብቻ ነው፤ አንቀጹ እንዳለ አለ። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ካርዳቸው ሊሰጥባቸው ነው፣ የጠየቃቸው የለም። እኔም ለስምህ ስሟገት ስለ እነሱ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። አንተ ብትሆን ስለ ስምህ ትዝም አይልህም ነበር። አፈርኩ፣ አባዬ።

ሐሙስ የመጨረሻው ድምፅ ይሰጣል። አብሮኝ የሚቆም ያለ አይመስለኝም። ስሙን አውጥተንልሽ የለ፣ ደግሞ ምን ቀረሽ እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ቢደክመኝም እጄን አወጣለሁ፣ ስለ ሕሙማኑ እናገራለሁ። ያን ቀን ግን አንተን አላነሳህም፤ እንዳትቀየመኝ።

የምትናፍቅህ ልጅህ