አጎቴ ያስጎበኘው ቤተ መንግሥት

ውድ ቀልቃላዋ ጓደኛዬ፣

ትናንት አጎቴ ካራቫናችንን፣ ያንን የምንኖርበትን መኪና፣ ዘንባባ ሥር አቁሞ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ አምስት ቱሪስቶች የከተማ ማስጎብኛ መኪና መስሏቸው ገብተው አልጋዬ ላይ ተደረደሩ። «ኧረ ጋሼ፣ አስወርዳቸው!» ስለው፣ «እንግዳ ከቤት ይባረራል እንዴ?» ብሎ መሪውን ጨበጠ። እዚያ እናንተ ጋ የራሱን ሰፈር እየጠየቀ የሚገባው ሰውዬ፣ ከተማውን በምልክት አስጎበኛቸው እልሻለሁ! አንድ ትልቅ ሕንፃ ጋ ስንደርስ እጁን እንደ ዘውድ አናቱ ላይ ደፍቶ «የንጉሡ ቤት!» ቢላቸው፣ ሁሉም ተነሥተው እጅ ነሡ። ለካ ፖስታ ቤት ኖሯል! ይህን የምጽፍልሽ እዚያው ተሰልፌ ነው።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ አንቺንም በላብ በራሰ ጉንጬ ስሜሻለሁ።

ኧረ ጉድ! ከትናንቶቹ እንግዶቻችን አንዷ ከፊቴ ቆማ ለቴምብር ሻጩ እጅ እየነሣች ነው።